መወጣጫው ያልወረደለት ቤት

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነበር። የለም፣ አሥራ ሁለትማ ሚካኤል ነው፤ በኃይሉ አዲስ ጫማውን ያደረገው በማግስቱ፣ ቅዳሜ መሆን አለበት። ወይስ በሚቀጥለው ቅዳሜ? የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ መዝገቡን ገልጦ ያረጋግጥ ነበር። የሄደው ግን በግል ጉዳዩ፣ ለራሱ ቤት ሊገዛ ነው።

በኃይሉ ከጎጃም ወደ አሶሳ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ለከተማው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ሜትር ይዞ የሰው ቤት ሲለካ ይውልና፣ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ይመለሳል። ከለካቸው ቤቶች ሁሉ ልቡ የቀረው ረጋሳ ግቢ ነው።

ረጋሳ የባምባሲ ሰው፣ እጁ የተመሰከረለት ግንበኛ ነው። ሃያ ዓመት ለሌላው ሲገነባ ኖሮ፣ ለመሸጥ ብሎ ሦስት ቤቶች በአንድ ግቢ አቆመ። ገዢ ጠፋ። «ሰው የተኛበት ቤት አዲስ አይባልም» ስለሚል እሱና ሚስቱ ብሪቱ ከግቢው ማዶ በኪራይ ይኖራሉ። ብሪቱ ግን ቁርጡን ነግራዋለች፦ «እስከ ገና አንዱ ካልተሸጠ ባምባሲ እናቴ ዘንድ ነው የምገባው።»

በዚህ ላይ ግብሩ መጣ። ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቤት ተሸጠም አልተሸጠም ይከፈልበታል ተባለ። ረጋሳ ዘዴ አላጣም። ግንበኛ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ የቀርከሃ መወጣጫውን ያወርዳል፤ እሱ አላወረደም። መወጣጫው ካልወረደ ቤቱ አላለቀም፤ ላላለቀ ቤት ደግሞ ማን ግብር ይጠይቃል? ልስኑ ደርቆ፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣ የመጋረጃው ዘንግ ሳይቀር ተገጥሞ፣ ሦስቱም ቤቶች ቀርከሃ እንደታቀፉ ክረምቱ አለፈ።

በመስከረም በኃይሉ ለልኬታ መጥቶ ነበር።

«ኦቦ ረጋሳ፣ ይሄ ቤት መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ምኑ ተነክቶ፣ አቶ በኃይሉ!»

«መስተዋቱን ማን ወለወለው ታዲያ?»

«ዝናብ።»

በኃይሉ «አላለቀም» ብሎ ጻፈ። እጁ ይህን ሲጽፍ፣ ልቡ በመካከለኛው ቤት፣ በማንጎው ዛፍ ፊት ለፊት ባለው መስኮት ላይ መጋረጃ ይሰቅል ነበር።

ያን ቅዳሜ ያለ ሜትር፣ ያለ መዝገብ መጣ። ረጋሳ ጫማውን አላየም፤ ያየው ፊቱን ነው።

«ቅዳሜም ትለካላችሁ እንዴ?»

«ለልኬታ አይደለም። እንዲያው ቤቱን ልየው ብዬ ነው።»

«ምኑ ይታያል? ኮርኒሱን ምስጥ በልቶታል። ቆርቆሮው ወንፊት ነው። ያ ግድግዳ ደግሞ ዛሬ ነገ ይወድቃል፤ ጠጋ አይበሉ!»

በኃይሉ ዋጋውን ሊጠይቅ ብሎ ተወው። በሥራ ቀን «ስንት ያወጣል?» ሲል የኖረ ሰው፣ ቅዳሜ ያንኑ ቢጠይቅ ማን ገዢ ነው ይለዋል?

ይህን ሲያሰላስል የመካከለኛው ቤት በር ተከፈተ። ኢቲዳል የምትባል የማንጎ ነጋዴ ወጣች፤ ብሪቱ ክፍሎቹን ስታስጎበኛት ነበር።

«ወላሂ ረጋሳ፣ ሚስትህ ቤተ መንግሥት ነው ትለኛለች። ምስጥ አለው?»

«ኧረ የለውም!»

«አሁን አልክ።»

«ለእሱ ነው ያልኩት! የግብር ሰው ነው!»

«ምስጡ የግብር ሰው መርጦ ነው የሚበላው? እኔ ቤት ልገዛ እንጂ ምስጥ ልቀልብ አልመጣሁም።» ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ ቆመው ባጃጅ አመራች።

«ለገና ስድስት ሳምንት ቀረው» አለች ብሪቱ፣ በሩን መልሳ እየቆለፈች።

በኃይሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ መወጣጫውን አየ። ቀጭን የአፈር መንገድ ቀርከሃውን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ምስጡ ከጣሪያው ሊደርስ ክንድ ያህል ቀርቶታል። ረጋሳ ሳያውቀው ወደ እውነቱ ተጠግቶ ነበር። ቢሆንም መስኮቱ ያው መስኮት ነው፤ ምስጥም መድኃኒት አለው።

«ኦቦ ረጋሳ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ዞረ።

ረጋሳ «እመቤቴ! እመቤት ኢቲዳል!» እያለ ባጃጇን በሩጫ ተከትሎ ከመንገዱ ታጥፏል።