ባዶ የሚለው ኮምፒዩተር

ዐይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አያይም። አምባ ጊዮርጊስ ታሪክ ሳስተምር ቆይቼ ወደ ጎንደር ስዛወር፣ ትምህርት ቤቱ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒዩተር ሰጠኝ። ከእንግዲህ የሰው ዐይን መለመን ቀረልኝ ብዬ ነበር።

የመምህሩ መምሪያ በፍላሽ መጣልኝ። ስከፍተው ኮምፒዩተሩ «ባዶ» አለ። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ፤ «ባዶ»። እስከ መጨረሻው ባዶ። ፍላሹን ይዤ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ።

«ምነው? ለእኔ ጥርት ብሎ ይታያል» አለኝ።

«ስካን የተደረገ ነዋ! ፎቶ ነው። ኮምፒዩተሩ ፎቶ አያነብም።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ያንብብልዎ።»

ይችን ቃል ስሰማ ነው ያደግሁ። ፍላሼን ይዤ ወጣሁ።

እዚያው ጎንደር አራዳ ገበያ፣ ካባቷ የጨርቅ ሱቅ ጎን ኮምፒዩተር ጽሕፈት የምትሠራ ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተየበችልኝ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ይለፈልፍብኝ ጀመር። የጻፈችበት የድሮ ፎንት ላይ ላዩን አማርኛ ይምሰል እንጂ ውስጡ ላቲን ኖሯል።

«ስንት ዓመት በዚሁ ስጽፍ!» ብላ ደነገጠች። ሳታጉረመርም፣ ኮምፒዩተሩ አማርኛ ብሎ በሚያነበው በዩኒኮድ ደግማ ጻፈችው። ርእሶቹን ማድመቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ ርእስ መሆናቸውን ለኮምፒዩተሩ ማመልከት እንዳለባት ነገርኋት። ካርታ ሲያጋጥማት ምን እንደሚያሳይ ከሥሩ ጻፈች። ያን ቀን ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለልሁ፣ የፈለግሁትን ብቻዬን አገኘሁ።

ሰነድ እንዲህ ሆኖ እንዲዘጋጅ የሚያስረዳ መመሪያ ባንድ ገጽ ጽፈን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስገባን። ኃላፊው «ሸጋ ሐሳብ ነው፤ ለሁሉም ትምህርት ቤት እናሰራጨዋለን» አለ። አሰራጨውም። እኔም ጋ ደረሰ፤ ከፈትሁት። ፈርመውበት፣ ማኅተም መትተው፣ ስካን አድርገውታል። የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ሄድሁ።

«ማኅተም የሌለውን ማን ያምነዋል፣ መምህር?»

«ማኅተሙ ይኑር። የተተየበውን አብራችሁ መላክ ምን ይገዳችኋል?»

«እውነትዎን ነው» አለኝ። ቀጥሎ የመጣው ሰነድ በሁለቱም መልክ ደረሰኝ። ግን ብዙም ሳይቆይ እሱ ተቀየረ፤ ፎቶውም ተመልሶ መጣ። አዲሱ ኃላፊ ወንበሩ ሳይሞቅለት ደጁ ላይ ቆሜ አገኘኝ።