መርዶና የቅድሚያ ወረፋ

ስለ ራሴ መናገር አላፍርም። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ እየፈታሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ማሞቂያ እምቢ ሲል አከራያችንን ካውንስሉን የሚጠብቅ ሐበሻ የለም፤ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ቤኔፊት፣ የመንግሥት ድጎማ፣ አፕላይ የሚያደርግም እኔ ዘንድ ይመጣል።

በርካሽ አይሮፕላን መጓዝ ላይማ ተወዳዳሪ የለኝም። የመቀመጫ ቁጥር የማይሰጡ፣ ቀድሞ የገባ የፈለገው ቦታ የሚቀመጥባቸው አይሮፕላኖች አሉ። የእነዚያን ጠባይ እንደ ልጆቼ ጠባይ አውቀዋለሁ። በሩ መቼ እንደሚከፈት ከሠራተኞቹ አረማመድ እለያለሁ፤ ሰው ቡናውን ሳይጨርስ እኔ ወረፋው ራስ ላይ ነኝ። ባለቤቴን መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከጎኗ። ሌላ ዓይነት ጉዞ አናውቅም ነበር።

በኋላ ቅድሚያ የሚሉትን ነገር አመጡ። ገንዘብ የጨመረ ሰው ዘግይቶ መጥቶ በሌላ ወረፋ ፊት ፊት ይገባል። ያን ጊዜም ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እናገራለሁ፤ አብረው የመጡ ሰዎችን ለያይቶ፣ እንዳይለያዩ ደግሞ ማስከፈል ንግድ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ሮም የምትኖረው የባለቤቴ ታላቅ እህት አረፈች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ባለቤቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። የሟች ልጅ ደውሎ ለእኔ ብቻ ነገረኝ።

«አባባ፣ አደራ፣ አክስቴ እንዳይሰሙ። ብቻ ያምጡልን። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳቸዋለን» አለኝ።

«ለእኔ ተወው» አልኩት።

በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ሐዘኑን የሚሰማው የሚይዘው ሰው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ባለበት ቤት ነው። ስለዚህ ለባለቤቴ፣ እህትሽ ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ሕመሙ ጠንቶባታልና ልታይሽ ትፈልጋለች አልኳት። ወዲያው ሻንጣዋን አወጣች። ዕድሜዋን በሙሉ ሆስፒታል ስለሠራች ለእህቷ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ገዛችላት። «የዋርዱ ወለል ይበርዳል» አለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቲኬቱን በስልኬ ራሴ ቡክ አደረግሁ። ለእሷ ስል ያን ቅድሚያም ልገዛ ብጫነው ተሸጦ አልቋል አለኝ። አልደነገጥኩም፤ ቀድሜ እቆማለሁ አልኩ።

አየር ማረፊያው ስንደርስ ግን የቅድሚያው ወረፋ ከእኛ ወረፋ ይረዝማል። ግማሹ መንገደኛ ቅድሚያ ገዝቷል። በእኛ በኩል የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ምን ዋጋ አለው? ሻንጣ የሚጎትት ሁሉ አጠገቤ እያለፈ ይገባል። እግሬ አላርፍ አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል? ጥሎን አይሄድ!» አለችኝ ባለቤቴ።

«ጥሎን ባይሄድም ለያይቶን ይሄዳል።»

«ይለያየን! ስንት ዘመን ጆሮዬን በልተኸዋል፤ እስከ ሮም እንኳ ልረፍ እንጂ» ብላ ሳቀች።

በሩ ላይ ለቆመችው ልጅ ከባለቤቴ አጠገብ መቀመጥ አለብኝ አልኳት።

«ቅድሚያ ገዝተዋል?»

«አልቆ ነበር። ግን ምክንያት አለኝ።»

«ምንድን ነው ምክንያቱ?»

ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ቆማለች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ይህን የማምነው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው። ምን ልበል? ሻንጣዬን አነሣሁ። ልጅቷም ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ውስጥ ስንገባ መስኮቱና መተላለፊያው ሁሉ ተይዟል፤ የቀረው በሰው መሃል አንድ አንድ ቦታ ነው። ባለቤቴ ፊት ለፊት አካባቢ ክፍት ቦታ አገኘች። መተላለፊያው ጋ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፈነ ወጣት ተቀምጧል። ቦታ እንቀያየር ብዬ ለመንኩት። «ከፍዬበታለሁ» አለኝና ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። መስኮቱ ጋ የእኛው አገር ሴት አለች። የአገር ሰው አጠገቧ ሆነ ብዬ ትንሽ ቀለል ሲለኝ፣ ከሻሿ እስከ ጫማዋ ጥቁር መልበሷን አየሁ። ወደ ሮም፣ በዚያ ሳምንት፣ ጥቁር ለብሳ። ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ።

በዓይኔ ልጠቅሳት ሞከርኩ፤ አላየችኝም። ከኋላ ሰው ይገፋኛል፣ አስተናጋጇ «ይለፉ፣ ይለፉ» ትላለች። እየገፉ መጨረሻው ረድፍ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ አደረሱኝ።

እዚያ ያለችውን ሌላ አስተናጋጅ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ባለቤቴ እህቷ ሞታባታለች፣ አላወቀችም፣ ከጎኗ መሆን አለብኝ።

«አላወቁም? ለምን አልነገሯቸውም?» አለችኝ።

የአንድን ሕዝብ ልማድ ሞተር እየጮኸ እንዴት ይተርኩታል? አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ከተነሣን በኋላ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ እናያለን አለች። ታሰርኩ። ከዚያ የሚታየኝ የባለቤቴ ነጭ ነጠላ ጫፍ ብቻ ነበር።

የሆነውን ያቺ ሴት ኋላ እያለቀሰች ነግራኛለች። አንዳች ክፋት አልነበራትም። የባለቤቴን ፊት አይታ፣ «እህትዎን ቁርጥ ነዎት እኮ! እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት። ባለቤቴም «ለምኑ ነው የሚያጽናኝ?» ብላ ጠየቀች።

አይሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሳለ ያ ነጭ ነጠላ ብድግ አለ። «እህቴን! እናቴን!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከእኛ በቀር አንድም ሰው ቃሉን አልተረዳም፤ ግን ሁሉም ዞረ። አስተናጋጆቹ ካሉበት ሆነው «ይቀመጡ! ይቀመጡ!» ይላሉ። ቀበቶዬን ፈታሁ።

ስደርስ ወጣቱ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ቦታውን ለቀቀልኝ። አሁን በነፃ። ባለቤቴ አየችኝና ጩኸቷን አቆመች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ጥለኸኝ ለምን ከኋላ ተቀመጥክ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ለሁሉ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። ቅድሚያ አልቆ ነው ልበላት? እህቷ ለሞተችባት ሴት ይህ ይነገራል? እጇን ያዝኩ፤ እጇን ከእጄ አወጣች። ሮም እስክንደርስ አልመለሰችልኝም።

ያም ሆኖ የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ቁልቁል ወደ ኋላ በሚስበው መተላለፊያ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ሄጃለሁ። ደረቷን ስትመታ መዳፌን በመሃል አስገብቼ ምቱን ተቀብያለሁ። ውኃ አስመጥቼ በግድም ቢሆን አስጎንጭቻታለሁ። ያቺ ምስኪን ሴት ራሷን እንዳትረግም አጽናንቻለሁ። እንደ ወረድን ለሟች ልጅ ደውዬ ሊያረዷት የተሰበሰቡት ዘመዶች እንዲያውቁ፣ ሁለተኛ እንዳያስደነግጧት አድርጌያለሁ። ከመውረዳችን በፊት ደግሞ መንገደኛው ሁሉ፣ ቅድሚያ የገዛውም ያልገዛውም፣ ከኋላችን ቆሞ እየጠበቀ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥቼ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ገልብጬ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው አድርጌ አለበስኳት።