የአናጢው ሙጫ

በጃንሆይ ጊዜ ሰበታ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን መስኮት የሚሆን መስታወት የሚሳልበት ቤት ነበር። እኔ እዚያ እስላለሁ፤ ባሌ አናጢ ነውና ክፈፉን ይሠራል። የተፈጨ ብርጭቆ ከቀለም ጋር ደባልቄ በግራር ሙጫ እበጠብጠዋለሁ። ሙጫው ቀለሙን የሚይዘው እሳት እስኪያገኘው ድረስ ነው። እቶን ውስጥ ሙጫው ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ቀለሙ ቀልጦ ከመስታወቱ ጋር አንድ ይሆናል። ይህን ለባሌ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ጆሮውን ሰጋቱራ ሞልቶት ይሁን እንጃ፣ ለእሱ ሙጫ ማለት በር የሚያጣብቅበት፣ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው የአናጢ ሙጫ ብቻ ነው።

በአንዱ ክረምት የበኩር ልጃችንን ኩፍኝ ወሰደብን። ፎቶግራፍ አላስነሳነውም ነበር፤ ዛሬ ነገ ስንል ቀረ። መልኩ ከዓይኔ መጥፋት ሲጀምር ጨነቀኝና ለመቃብሩ በትንሽ መስታወት ላይ ልስለው ተነሳሁ።

"ሙጫ በጥብጥልኝ፤ እንዳይሸት ቅርንፉድ ጣል አድርግበት" አልኩት ባሌን። በጥብጦ ሰጠኝ። ቀለሙ ያለወትሮው እሺ አለኝ። የግንባሩ ጠባሳ፣ ወደ አንድ ጎን የምታደላው ፈገግታው፣ ሁሉም መጣልኝ። ስጨርስ አለቀስኩ፤ ደስም አለኝ። መስታወቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ጋር እቶን ገባ፣ በሩም በጡብና በጭቃ ተደፈነ።

እሳቱ ሲበረታ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ። የግራር ሙጫ እንዲህ አይሸትም፤ ስስል ቅርንፉዱ ሽታውን ሸፍኖብኝ ኖሯል። ወደ ባሌ ዞርኩ።

"የትኛውን ሙጫ ነው የሰጠኸኝ?"

"የራሴን" አለ ኮራ ብሎ። "ያንቺ ውሃ ሲነካው ይለቃል። የእኔ በር ይይዛል፤ ልጃችንን አይለቅም ብዬ ነው።"

ምን ብዬ ልቆጣው? የቆዳ ሙጫ እሳት ሲያገኘው አረፋ ሠርቶ ቀለሙን ከመስታወቱ ይገነጥላል። እሳቱን ወደሚጠብቁት ሽማግሌ ሮጥኩ።

"ኦቦ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ!"

"ኦብሲ ልጄ፣ ታገሺ። አሁን ከተከፈተ ብርድ ይገባና ሁሉም ይሰነጠቃል። ያንቺም አይተርፍም።"

እውነታቸውን ነው። ልጄ ታሞ ሳለ እንደተቀመጥኩት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ አምሮ ወጣ። በእኔ መስታወት ላይ ግን ቀለሙ እንደ ሽሮ ተንተክትኮ፣ ተኮማትሮ፣ እየተቀረፈ ይረግፋል። ፊት የሚባል ነገር የለም። ባሌ ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰብስቦ፣ "እንደገና ትስይዋለሽ፣ አይደል?" አለኝ።

በግራር ሙጫ እንደገና ሳልኩት። ጠባሳው በየትኛው ቅንድብ በኩል እንደነበረ ጠፋኝ። ከንፈሩ እምቢ አለኝ፤ ስደመስስ ስስል ዋልኩ። በመጨረሻ ከእሳት በደህና ወጣ። ባሌ አየውና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

"ቁርጥ እሱን!" አለ።

"አዎ" አልኩት።

መስታወቱ መቃብሩ ላይ ተተከለ። በሄድን ቁጥር ባሌ ጎንበስ ብሎ ይስመዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቀውም።