ወንድሜ ወንዙን ሲሻገር

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ወረቀቴን ላስባዛ አራዳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ከፊቴ የቆመች ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተናዋን ለጓደኛዋ ታሳያለች። አንዱ መልሷ በቀይ ተሰርዞ «ዓረፍተ ነገር አይደለም» ተብሎበታል። «ምኑ ነው የጎደለው?» ትላለች ተናዳ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሐሳቤ አሥረኛ ክፍል ደርሶ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወሩ ኅዳር። የጎንደር የኅዳር ጠዋት ይቆረጥማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ሰማዩ ጥርት ከማለቱ የተነሣ በዓለም ላይ ክፉ ነገር ያለ አይመስልም። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከመንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ገዝተን እየፈለቀቅን እንበላለን። ጣታችን ላይ የሚቀረው ጨው ጨው የሚል ጣዕም እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አይለቅም።

ታላቅ ወንድሜ አዳነ ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ለውትድርና ስሙ በቀበሌ ሲጠራ ነው ጥሎ የሄደው። ለጠየቀን ሁሉ «ጠዳ አጎቱ ዘንድ ለአጨዳ ሄዷል» እንድንል አባቴ አስጠንቅቆናል። አንድ ቀን ከሳንጃ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ ቤታችን ጎራ አለና እንደ ቆመ «ልጁ ደኅና ነው፤ ወንዙን ተሻግሯል» ብሎ ወጣ። ወደ ሱዳን አልፏል ማለቱ መሆኑን ለማናችንም ማስረዳት አላስፈለገም። እናቴ «ሸጋ፣ ሸጋ» እያለች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

በማግስቱ የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ይርጋ ሙሉ ዓረፍተ ነገርን ከጎዶሎው መለየት ያስተምሩን ነበር። ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው ነበሩ። «ባለቤትና ግሥ መኖሩ ብቻ አይበቃም» አሉ። «የሰማችሁ ሰው ‹እሺ፣ ከዚያስ?› ካላችሁ ገና አልጨረሳችሁም።» ከዚያም አንድ ምሳሌ በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ወደ ሰሌዳው ጠሩኝ።

ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ የጻፍኩት «ወንድሜ ወንዙን ሲሻገር» የሚል ነበር። ሙሉ መስሎኝ ነጥቡንም አሳምሬ አስቀመጥኩበት።

ሙሉጌታ ከኋላ ወንበር ተነሣ። የክፍላችን ልጅ ቢሆንም የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበር ሁላችንም እንጠነቀቀዋለን። «ቲቸር፣ ትጨርሰው እንጂ። ወንድሟ ሲሻገር ምን ሆነ? ደግሞስ የትኛውን ወንዝ?»

ፊቴን ወደ ሰሌዳው እንዳዞርኩ ቀረሁ። የጻፍኩትን በትክክል ያነበብኩት ገና ያን ጊዜ ነው።

ቲቸር ይርጋ ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። «ትናንት እኔ የሰጠኋችሁን ምሳሌ ነው የጻፈችው፤ ግማሹን ረስታ» አሉና ቀሪውን ጨመሩበት፤ «ወንድሜ ወንዙን ሲሻገር ጫማው ጠፋበት።» ወደ ሙሉጌታ ዞሩ። «አሁን የቀረ ጥያቄ የለም። ቁጭ በል።»

ትናንት እንዲህ ያለ ምሳሌ አልሰጡንም። ሃምሳ ያህል ተማሪ ይህን ያውቃል፤ ሙሉጌታም ጭምር። አንድ ሰው እጁን ቢያወጣ ኖሮ እሳቸውም እኔም አልቆልን ነበር። አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም በጫማው ሳቁ። ሙሉጌታ ጥቂት እንደ ቆመ ቆየና ተቀመጠ።

ሲደወል ጠሩኝ። «ነገ ሌላ ምሳሌ ጽፈሽ ነዪ።»

«ስለ ምን ልጻፍ፣ ቲቸር?»

«ስለ ሽምብራ» ብለውኝ ሄዱ።

አላመሰገንኳቸውም። ማመስገን የሆነውን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ይሆንብኝ ነበር። በዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ወንድሜ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመለሰ። ሙሉጌታ ለውትድርና ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ያን ቀን ለምን ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ሳልጠይቀው።

ኋላ እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ያንኑ ሕግ ለብዙ ልጆች አስተማርኩ። ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ሳገኝ ደብተራቸው ላይ አሰምርበት ነበር እንጂ ማንንም ሰው ፊት አቁሜ «ጨርሺው» ብዬ አላውቅም። እኛ አስተማሪዎች፣ ልጅ ሐሳቡን አጎድሎ ሲጽፍ ሰዋስው ስላልገባው ነው እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነን።