የቻይና ጫማ አንሰፋም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሀይሌ ጋርመንት ገበያ የገዛችው የቻይና ጫማ ሶሉ ተገነጠለና ወደ ቆሻሻው ወረወረችው።

«አሰፊው እንጂ» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ለሱ ከምደክም አዲስ ብገዛ ይሻለኛል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። አራት ሰዎች ትዝ አሉኝ፦ ቆዳ ቆራጩ ጋሽ ተፈራ፣ ሰፊው ከድር፣ ሶል መቺው ለማ፣ አራተኛው እኔ፣ የሁሉም ታናሽ፣ ቀለም ቀቢ።

ያኔ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጫማ እንሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም። ማንበብ የለመድኩት ጫማው ቅርጹን እንዳያጣ አፍንጫው ውስጥ ከምንጠቀጥቀው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ለማ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነበር። ጠዋት ጭቃውን በር ላይ አራግፎ ሲገባ እናቱ የላከችውን ጭኮ ይዞልን ይመጣል። የገብሱና የቅቤው ሽታ ከማስቲሹ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ የቻይና ጫማ መጣ። ያብለጨልጫል፤ ዋጋው የእኛን ግማሽ አይሞላም። አዲስ ጫማ የሚያሠራን ጠፋ። የቀረን እንጀራ ጥገና ነበር፤ በብዛት የሚጠገነውም ያው የቻይናው ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይከፈታላ።

አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ ቢላቸውን አስቀመጡ። «የገደለንን ጫማ እኛው እያዳንን እስከ መቼ? ካልጠገንነው ሰው ጉዱን ያየዋል» አሉ።

«ጋሼ፣ እኛስ ምን ልንበላ ነው?» አለ ከድር።

«ኩራታችንን።»

«ኩራት በቅቤ ይታሻል?» አለ ለማ። ሳቅን፤ ግን ማልን። አራታችንም እጃችንን ጫማ በሚወጠርበት እንጨት፣ በፎርማው ላይ አድርገን የቻይና ጫማ አንሰፋም አልን። አንዱ ብቻውን እንዳያፈርሰው መሐላው የሚፈታው አራታችንም ባለንበት ብቻ እንዲሆን ወሰንን። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅነት ነው፤ ዓለምን በመርፌ የምናቆማት መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። የለማ እህት ጫልቱ ከገበያ ስትመለስ ጫማዋ አፉን ከፍቶ መጣች። «ለማ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ቶሎ በልልኝ» አለችው። ለማ ጋሽ ተፈራን አያቸው። እሳቸው እንዳቀረቀሩ ቆዳቸውን ይቆርጣሉ።

«አልችልም፣ ምያለሁ» አላት።

«በምን? በእኔ እግር?» ወደ ሁላችንም ዞረች። «የቆዳውን ግዙልኝና ይሄን እኔው አቃጥለዋለሁ። አገር የምታድኑት በእኛ እግር ነው እንዴ?»

ጫማዋን አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ለማ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ላፍቶ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «እህቴ አታናግረኝም። እዚያ ቤት ድርሽ አልልም» አለኝ። ከድር መሐላውን እንፍታው ሲል ጋሽ ተፈራ «ሦስት ሰው አይፈታውም» አሉ። ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። የጫልቱ ነገር በሰፈሩ ስለተወራ የቆዳ ጫማ ያለውም ሸሸን። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው መርፌና ማስቲሽ ይዞ ተቀመጠ፤ ሰው ተሰለፈለት። መስከረም ሳይጠባ ቤታችን ተዘጋ። ከድር ታክሲ ላይ ወያላ ሆነ፤ ጋሽ ተፈራ ዘበኛ ተቀጠሩ፤ እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ስሚንቶ ተሸከምኩ።

ጋሽ ተፈራ ተሳስተው ነበር አልልም። ሰው የእጁን ሥራ ሲነጠቅ ዝም ማለት የለበትም፤ ልጆቼንም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን በትራችን ያረፈው ጎረቤታችን ላይ ነው። የቻይናውን ጫማ ያስገባው አስመጪ መማላችንንም አልሰማም።

የልጄን ጫማ ከቆሻሻው አወጣሁት። መርፌ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ መልሼ ጣልኩት። ጋሽ ተፈራ ካረፉ ቆይተዋል፤ አራታችን ከእንግዲህ አንገናኝም፣ መሐላውም አይፈታም። አራት ሰው ሙያውን አጣ፣ ጫልቱ ወንድሟን። አስመጪውን ግን አንዲት ጫማ እንኳ አላስከፈልነውም።