ጠዋት ጠዋት የሚሞተው ጂፕ

ልጅ እያለሁ መኪና ጠዋት አልነሳም የሚለው እንደ እኔ እንቅልፍ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። ማስረጃዬ የአባቴ ጂፕ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ቁልፉ ሲዞር እንደታመመ ሽማግሌ ያስልና ዝም ይላል፤ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ግቢያችንን ስትሞላው፣ ያው እጅ ያንኑ ቁልፍ ሲያዞር ምንም እንዳልተፈጠረ እያጓራ ይነሳል። አባቴ ራሱን ይይዛል፣ ጎረቤት ይመክራል። በዚያ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ ስለዚህ ጂፕ ሐሳብ ያልሰጠ ሰው ቢኖር ለከተማው እንግዳ የሆነ ብቻ ነው።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ የነዳውን ጂፕ መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ ሲያስወግደው ገዝቶ ግቢያችን አስገባው። ጣሪያው ሸራ፣ መቀመጫው ሽቦው የወጣ፣ ሞተሩ ቤንዚን የሚጠጣ ነበር። ስገባበት የሚቀበለኝን ሽታ አፍንጫዬ ዛሬም ያውቀዋል፤ ቤንዚን፣ የማሽላ ጆንያ፣ የፍየል ጠጉር፣ ትንሽም የአባቴ ላብ። ሌላ መኪና በማይደፍረው በዋግ ቆላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ መንገድ ሰውና እህል ይጭንበታል። በመጣ ቀን የነፍስ አባታችን መምሬ ኪዳኑ ዙሪያውን ጸበል ረጭተውት ዳቦ ተቆረሰ። የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጂፑን ክርስትና እንደተነሳ ወንድም ነበር የማየው።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ዳገት ላይ ቆመ። ጋሽ ካሳዬ ተጠሩ። ድሮ በወታደር ቤት መካኒክ የነበሩ፣ ሲሠሩ የሚያጉረመርሙ፣ ሲጨርሱ ግን እንደ መምህር ቁጭ ብለው የሚያስረዱ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። ቤንዚን ብቻውን ሞተር አያስነሳም፣ እሳት ይፈልጋል። እሳቱን ቦቢና የሚባለው ጣሳ መሳይ ነገር ያመነጨዋል፤ ፑንቲና የምትባል ጥፍር የምታክል ብረት ትክ ትክ እያለች ትቆራርጠዋለች፤ ጥቁር ክዳን ያለው ማከፋፈያ ደግሞ በየተራ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ያድላል። የዚያን ቀን ጥፋቱ የፑንቲናዋ ነበር፤ ተቃጥላለች። በሞረድ አጸዷትና ጂፑ ተነሳ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እናቴ የሞረዱን ነገር አልተቀበለችም። ዓይን ነው የበላው አለች፤ ገበያ መሃል ስንቱ ሰው አፍጥጦበት። እኔ ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። ጋሽ ካሳዬ የተቃጠለውን ብረት በዓይኔ አሳይተውኛል፤ እናቴ ደግሞ በእኔ ዘንድ ተሳስታ አታውቅም። በዚያው ሰሞን መምሬ ኪዳኑ ከቅዳሴ በኋላ ሲያስተምሩ፣ በጎ ሥራ ዋጋ የሚኖረው በስውር ሲሠራ ነው፣ ያወሩለት ጽድቅ ጽድቅ አይባልም አሉ። ከሦስቱ ትምህርት አንድ መፍትሔ አወጣሁ። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ጸበል የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ጸበሉን ከምቀዳባት ትንሽ የዘይት ጀሪካን ለጂፑም ድርሻውን ማካፈል ጀመርኩ። የኮፈኑን ሁለት ማሰሪያ ፈትቼ፣ ክንዴ እስኪገባ ከፍ አድርጌ፣ በስመ አብ ብዬ እሳት አለበት በተባልኩት ቦታ፣ በቦቢናውና በጥቁሩ ክዳን ላይ፣ ሦስት ጊዜ አፈስሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በመጀመሪያው ቀን ጂፑ አልነሳ አለ። ይህ አላስደነገጠኝም። ጸበል ቦታ ያየሁት በሽተኛ ሁሉ ውሃው ሲነካው ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ የሚድነው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲያውም ዓይኑ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የተረዳሁት ያኔ ነበር፤ በማግስቱ ትንሽ ጨመርኩለት።

ጋሽ ካሳዬ የሚመጡት ቁርሳቸውን በልተው ረፋድ ላይ ነው። ካንዴላ ይፈቱና ከሞተሩ ብረት አስጠግተው ለአባቴ “አዙር!” ይሉታል፤ ሰማያዊ እሳት ጣ ጣ ይላል። ጤነኛ ነው። ታዲያ ጠዋት ምን ሆኖ ነው? ቦቢናውን ቀየሩ። ገመዶቹን ቀየሩ። ባትሪው ብርድ መትቶት ይሆናል ተብሎ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አደረ፤ እኔና ታናሽ እህቴ በጋቢ ስንቀር ማለት ነው። አንዱ ጎረቤት ቤንዚኑ ውሃ አለበት አለ። ሌላው ይህ መኪና ቆላ የለመደ ስለሆነ ደጋው አልተስማማውም አለ፤ አባቴ ይህንን ለአንድ ቀን ያህል አምኖ ነበር። ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉም ልክ ይመስለኛል፣ ማለዳ ግን ጸበሌን አላቋርጥም።

ከፋሲካ በኋላ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው ከሰኞ እስከ ዓርብ በሰቆጣ እንደሚያክሙ በቤተ ክርስቲያን ተነገረ። የዓይን ሞራ ያለበት ሁሉ ይምጣ ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ የተለወጠው አይረሳኝም። ታላቅ እህቱ አክስቴ ታደሉ የምትኖረው አበርገሌ ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሞራ ሁለቱንም ዓይኗን ጋርዶባት ፍየሎቿን በድምፃቸው፣ ሰውን በእርምጃው ነበር የምትለየው። እኔን አይታኝ አታውቅም። ስንሄድ ፊቴን በጣቶቿ ትዳብስና ለአባቴ በአገዎቹ ቋንቋ በኽምጣና የሆነ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ እኔ ሳይገባኝ እቀራለሁ።

ወደ መንደሯ የሚሄድ መኪና ከአባቴ ጂፕ በቀር አልነበረም። በመንገዱ ያለውን ወንዝ የዚያ ወር ዝናብ ከቀትር በኋላ ይሞላዋል፤ ጠዋት ያልተሻገረ አይሻገርም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መነሳት ያስፈልጋል፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጂፑ ሙት ነው። ቀትር ላይ ተነስቶ ወንዙ ዳር ማደር ይቻል ነበር፤ ግን እዚያ በረሃ ላይ ጠዋት ቢሞትበት ማን ያነሳለታል? አባቴ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰኞ አለፈ።

ጋሽ ካሳዬም ትዕግሥታቸው አለቀና ፑንቲናን ከነዘር ማንዘሯ እንጣላት አሉ። ፑንቲና የማያስፈልገው፣ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ዕቃ ወልድያ ያለ ጓደኛቸው ጋ ነበረና ማክሰኞ በአውቶቡስ ተላከላቸው። የሚነካካ ብረት የለውም፤ አይቃጠልም፣ አይሞረድም። በድሮው ማከፋፈያ ሆድ ውስጥ ገጠሙት። ክዳኑ ብቻ ያው የድሮው ቀረ፤ ጎኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው፣ ግን ሌላ አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ጂፑ ቁልፉ ገና ሲነካ ተነሳ፤ ድምፁ እንኳ ጠርቷል። አባቴ ጋሽ ካሳዬን አቅፎ ሳማቸው፣ እናቴ ስንቅ ቋጠረች።

እኔ ደግሞ አዲስ ዕቃ ሳይባረክ እንዴት መንገድ ይወጣል ብዬ ረቡዕ ማለዳ ከወትሮው አብዝቼ አፈሰስኩ። አዲስ ነገር ዓይን ይበዛበታል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አምጥታ ካስቀመጠችው እምነትም፣ ከተባረከው አመድ፣ ቆንጥሬ በጸበሉ በጠበጥኩበት።

ረቡዕ አልነሳ አለ። አባቴ ሁለት ጊዜ አዞረ፣ ሦስተኛውን ጀምሮ ተወው፤ ወርዶ ጎማው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቴን ወንበር ሳይፈልግ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ካሳዬ መጥተው አዲሱን ዕቃ አገላብጠው አዩ፣ ረፋዱ ላይ ጂፑ እንደ ልማዱ ተነሳ፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ተያዩ። ከክዳኑ በቀር የቀረ ዕቃ የለም፤ ሁሉም ተቀይሯል። እኔም ግራ ገባኝ፤ ይህን ያህል ጸበል ጠጥቶ የማይለቅ ዓይን ሰምቼም አላውቅ።

“በሽታው በማለዳ የሚነሳ ከሆነ ሐኪሙም በማለዳ መምጣት አለበት” አሉ ጋሽ ካሳዬ ሲሄዱ።

ሐሙስ ወገግ ሲል ባትሪ መብራታቸውን ይዘው ደረሱ፤ እኔ የጂፑን ድርሻ አፍስሼ፣ ጀሪካኑን ለእናቴ አስረክቤ መመለሴ ነበር። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ጥቁሩን ክዳን አንስተው በመብራቱ እያገላበጡ አዩት። ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ አባቴን ጠየቁት፤ ጠብታም አልወረደም አላቸው። ጣታቸውን ክዳኑ ውስጥ አስገብተው ያወጡትን ግራጫ ጭቃ አሸተቱ። ከዚያ በግራሶ የጠቆረውን ጨርቃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ቆባቸውን አወለቁ።

“ይኼ እምነት ነው” አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። “በዚህ ያደፈ ጨርቅ እንዴት አድርጌ ልጥረገው?”

እናቴ ታጥቦ የተቀመጠ ነጠላ አመጣችላቸው። እኔ በዚያች ሰዓት እንኳ አልገባኝም። ጋሽ ካሳዬ ቆብ ያወለቁት ተአምር አይተው መስሎኝ ልቤ በኩራት ሞላና፣ ምስጢሬን መጠበቁን ረስቼ፣ “እኔ ነኝ ያፈሰስኩት” አልኩ። ጋሽ ካሳዬ በነጠላው ጫፍ ክዳኑን ቀስ እያሉ እየጠረጉ፣ ውሃ ሲያገኝ እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በእርጥቡ በኩል እንደሚጠፋ፣ ፀሐይ ሲያደርቀው እንደሚመለስ ነገሩኝ። አባቴ “ሰኞም? ረቡዕም?” ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑ ሲደርቅ ጂፑ በአንድ ቁልፍ ተነሳ፤ አባቴ ቻው እንኳ ሳይለን ወጣ።

ዓርብ ወደ ማታ ተመለሰ። ወንዙ ዳር ቆሞ ጠብቆ ውሃው ሲጎድል ነበር የተሻገረው። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ማሸግ ጀምረው ስለነበር አባቴ ለምኖ አክስቴን አስገባት። ቀኝ ዓይኗን ሠሩላት። ሁለቱን በአንድ ቀን አንሠራም፣ ሰኞ መጥታ ቢሆን ግራውን ዛሬ እንሠራላት ነበር አሉት። ግራው ለሚቀጥለው ጊዜ ተባለ። የሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ግራው ዓይን ሌላ በሽታ ገብቶበት ጨርሶ ጠፍቷል።

ፋሻው የተፈታ ዕለት አክስቴ ዙሪያዋን አየች፣ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። “ይቺ ናት? በጣቴ ሳያት ከዚህ ትቀላ ነበር!” አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም መጣ። በኋላ ሌሎቹ በሽተኞች ሁለቱንም እንደተሠሩ ስትሰማ ለምን እንደዘገየ ወንድሟን ጠየቀችው። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አባቴ አየኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መኪናውን በጊዜ ሳላሠራ ተዘናግቼ ነው አላት። ከዚያ ጀምሮ ስሙን ትታ “ዘገየ” ትለው ጀመር፤ ሠርግ ላይም፣ ክርስትና ላይም፣ በሰው ፊት። እሱ ሳቅ ብሎ ያልፋል። ብቻችንን ስንሆን፣ ታደሉ በእነዚያ ሁሉ የጨለማ ዓመታት የያዘችው ጸበሏን ነው፣ ያዘገየን ጸበል መሆኑን ሰምታ ምን ትያዝ፣ አለኝ። ስለ እኔ ግን ምንም አላለም፤ እኔን እየሸሸገ እንደነበር የገባኝ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

መምሬ ኪዳኑን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጸበል እንዴት ያጠፋል? በጣም ሳቁ፤ “ልጄ፣ እኛ ውጭውን ረጨን እንጂ አንጀቱን አጠጣነው እንዴ? ከዚህ ወዲያ ሾፌሩን እርጪው” አሉኝ። ደግ መልስ ነበር፤ ግን መልስ አልሆነኝም። ዛሬም አልሆነኝም። በጎ አስቤ፣ በንጹሕ ልብ፣ ለአንድ ሰው ዓይን መጥፋት ምክንያት መሆኔን የቱ ጋ እንደማስቀምጠው አላውቅም።

አሁን ሰቆጣ በባጃጅ ተሞልታለች። የዘንድሮ መኪና ኮፈኑን ቢከፍቱት የሚታየው ፕላስቲክ ነው፤ ሲታመም ኮምፒውተር ይሰኩበትና በሽታውን በጽሑፍ ይናገራል፣ ሥራው በአንድ ሰው ያልቃል። ያኔ ማንም ምንም አያውቅም ነበር፤ ግን ሁሉም ጎንበስ ብሎ አብሮ ይፈልግ ነበር። እኔ የሚናፍቀኝ ያ ጎንበስ ማለት ነው።

አባቴ ምስጢሬን እንደያዘ አረፈ። አክስቴ ሬሳው ላይ ወድቃ “ዘገየ ስልህ ቀድመኸኝ ሄድክ” እያለች ስታለቅስ እኔ ከሰው መሃል ቆሜ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። አሁን በጣም አርጅታ እኔ ዘንድ ትኖራለች። ልንገራት ብዬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። ሊጠይቃት የሚመጣ ሁሉ በምታይበት በቀኟ በኩል ይቀመጣል። እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ ሁልጊዜ በግራዋ ነው የምቀመጠው። እሷም “የት ገባሽ ልጄ?” እያለች አንገቷን ሙሉ አዙራ ትፈልገኛለች።