ያልታጠበው የሞርካም ፊልም

ክሊፎርድ ኤንትዊስል በአንዲት የፋብሪካ ከተማ፣ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነበር። በዚያ ከተማ ጠጋኝ መሆን መቀለጃ መሆን ነው፤ «ጠጋኝ መሰላሉ ቢረዝምበት ጉድጓድ ቆፍሮ ያቆመዋል» ይሉታል። ክሊፎርድም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ፣ ቢኮሳተር ይብስበታል።

አንድ ኩራት ግን ነበረው፤ በእጅ የምትሞላ ትንሽ የፊልም ካሜራ። በጋ ላይ ፋብሪካዎቹ ለሳምንት ሲዘጉ ከተማው ነቅሎ ሞርካም ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አሸዋው ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ የሌላውን ቦታ መያዝ ነውር ነው። የኤንትዊስሎች ቦታ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ነበር። ክሊፎርድ በየዓመቱ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ሚስቱን ኤድናንና ልጁን ሞሪንን ይቀርጻል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አንሶላ ይወጠራል፤ ጎረቤቱም ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል።

ሞሪን ከባሕር በተመለሱ ሰሞን ማጅራት ገትር ይዟት ሞተች። ስምንት ዓመቷ ነበር። የዚያ በጋ ፊልም ገና ስላልታጠበ ከነቆርቆሮው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

«ክሊፍ፣ እንዲታጠብ ላከው እንጂ» ትለዋለች ኤድና። «ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ፎቶ አይሮጥም። ስትሮጥ ልያት።»

«እልካለሁ።»

«ለገናም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር!»

እንዴት ብሎ ይላከው? ፊልሙ ሳይታጠብ እስከቆየ ድረስ ከሞሪን ገና ያልታየ ነገር አለ፤ ከታየ ግን አለቀ፣ ሌላ አይመጣም። ይህን ለሚስቱ መናገር አቃተው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ዝምታው እሷን ምን ያህል እንደሚያቃጥላት አላየም። ወንድ ልጅ ሲያዝን አንዳንዴ ዕውር ነው።

በጋው ዞሮ መጣ። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ድመት እንኳ አይቀርም፤ ሁለት ሐዘንተኞች በባዶ መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ? ሄዱ። የለመዱት ማረፊያ ቤት፣ የለመዱት ክፍል። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት የሞሪንን ትንሽ አልጋ አስቀድማ አንስታዋለች፤ ደግ አደረገች። ኤድና በቦታቸው የሸራ ወንበር ዘርግታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ባሕሩን ስታይ ዋለች። ክሊፎርድም እጁ የሚይዘው ቢያጣ ካሜራውን አወጣና ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረጻት።

ቤት ተመልሶ ሻንጣውን ሲፈታ፣ ለዚህ በጋ የገዛው አዲስ ፊልም ከነቆርቆሮው፣ እሽጉ ሳይቀደድ ከካልሲዎቹ መሀል ወደቀ።

ወይ ጉድ! ታዲያ ካሜራውን ያጎረሰው የቱን ነው? ወደ መሳቢያው ሮጠ። ባዶ ነው። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሲሄዱ በችኮላ የሞሪንን አንስቶ፣ በልጁ ላይ ደርቦ ቀርጾባታል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ!

«ኤድና፣ አጠፋኋት» አለ ወጥ ቤት ገብቶ።

«ማንን?»

«ሞሪንን። በላይዋ ላይ ቀረጽኩ።»

ኤድና የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ብትጮህበት በተሻለው ነበር።

«ላከው» አለች ብቻ። ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ ከእሱ ጋር ገበታ አልቀረበችም።

መጣ። ማንም አልተጠራም፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ክራብትሪ ግን የፖስታውን ጥቅል አይታ ኖሮ ወንበሯን ይዛ ከች አለች። መጋረጃው ተዘጋ፣ የፊልም ማሳያው መኪና ማንኳኳት ጀመረ። ክሊፎርድ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር።

አንሶላው ላይ ኤድና በካፖርቷ ቁጭ ብላለች። ድንገት ከደረጃው በኩል ሞሪን እየሮጠች መጣች፤ እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ስስ ሆና፣ ባልዲዋን እያወዛወዘች። እናቷ እግር ሥር ተንበረከከችና አሸዋ መዛቅ ጀመረች። ያንኑ ቦታ፣ ከዚያው ደረጃ ላይ፣ በሁለት በጋ በአንድ ፊልም ላይ ስለቀረጸ ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ገጥመው ወጡ።

«አዬ፣ ምን ያለ ጥፋት!» አለች ወይዘሮ ክራብትሪ። «ተበላሽቷል እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አለቻት ኤድና፤ ዓይኗን ከአንሶላው አልነቀለችም። እጇን ዘርግታ የባሏን ክንድ ያዘች። «ክሊፍ፣ ቀና በል። እኔ እኮ እዚያ ብቻዬን የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።»

ክሊፎርድ ቀና ብሎ አየ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎረቤት ተቀምጣ እያየችው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።